«ይሄ ደግሞ ምን ጥበብ ነው?» ለሚሉ ጓደኞቼ

በዚህ ሴሚስተር ከወሰድናቸው ትምህርቶች አንዱ የኪነ ጥበብና የባህል ዘገባ ነው። ከትምህርቱ ውስጥ ክፍላችንን ለሁለት የከፈለው ደግሞ «ፐርፎርማንስ አርትና ቪዲዮ አርት» የተባለው የሁለት ሳምንት ምዕራፍ ነበር። ስለ ልቦለድ ስንማር ማንም አላጉረመረመም። ስለ ቴአትርና ስለ ፊልም ስንማርም እንዲሁ። እዚህ ላይ ስንደርስ ግን «ይሄ ደግሞ ምን ጥበብ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከኋላ ወንበር ተነሣና እስከ ካፌ፣ ከካፌም እስከ ዶርም ተከተለን። አሁን ደግሞ በሴሚስተሩ መጨረሻ ለትምህርት ክፍሉ በሚሰጠው የተማሪዎች አስተያየት ላይ «ይህ ምዕራፍ ወጥቶ በምትኩ የዜና አጻጻፍ ልምምድ ይጨመርልን» የሚል ሐሳብ እንዲገባ ፊርማ የሚያሰባስቡ ልጆች አሉ።

እኔ አልፈረምኩም። ለምን እንዳልፈረምኩ በየኮሪደሩ ለየብቻ ከማስረዳ በዚህች ቡለቲናችን ላይ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

የጓደኞቼ ክርክር ሲጨመቅ ሦስት ነው። አንደኛ፣ እብደት እንጂ ጥበብ አይደለም። ሁለተኛ፣ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ለቦረናና ለሳይንት ገበሬ ልጅ ምኑ ነው? ሦስተኛ፣ ጋዜጠኛ ለመሆን አይጠቅምም። ሦስቱንም በተራ ልያቸው።

እብደት ነው ወይ?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ክዋኔ ጥበባት» ስንል ቴአትሩንም፣ ሙዚቃውንም፣ ውዝዋዜውንም ጠቅልለን ነው። ፐርፎርማንስ አርት ግን ከነዚህ ይለያል። አንድ ተዋናይ አፄ ቴዎድሮስን ሆኖ ሲጫወት ሽጉጡ የውሸት ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋም የሞተው ሰውዬ ይነሣል። በፐርፎርማንስ አርት ግን አቅራቢው ሌላ ሰው አይሆንም። ራሱን ሆኖ፣ በገዛ ገላው፣ በእውነተኛ ሰዓት አንድ ነገር ያደርጋል። ቢደክመው የደከመው እሱ ራሱ ነው፤ ቢቆስልም ደሙ ቀለም አይደለም።

ክፍል ውስጥ በጣም ያከራከሩንን ሁለት ሥራዎች ላንሣ። ጃፓናዊቷ ዮኮ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ1964 ኪዮቶ ከተማ ውስጥ «ከት ፒስ» የተባለውን ሥራዋን ስታቀርብ ያደረገችው ነገር ቢኖር መድረክ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ከፊቷ መቀስ አለ። ተመልካቹ ተራ በተራ እየወጣ ከለበሰችው ልብስ ቆርጦ እንዲወስድ ተፈቀደለት። ወጥተውም ቆረጡ።

ሁለተኛዋ ማሪና አብራሞቪች ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 ናፖሊ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ 72 ዕቃዎችን ደርድራ ለስድስት ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ከዕቃዎቹ መካከል ጽጌረዳ አበባና ማር ነበረበት፤ መቀስ፣ ሽጉጥና ጥይትም ነበረበት። ተመልካቹ የፈለገውን ዕቃ አንሥቶ የፈለገውን እንዲያደርግባት ፈቅዳለች። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ጨዋ ነበር። እያደር ግን ልብሷን ቀደዱ፣ ገላዋን አቆሰሉ፣ በመጨረሻም አንዱ የጎረሰውን ሽጉጥ አነጣጠረባት። እሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ስድስቱ ሰዓት ሞልቶ መራመድ ስትጀምር ተመልካቾቹ ፊቷን ማየት አቅቷቸው ሸሹ።

«ሴትዮዋ እብድ ናት» አለ አንዱ ጓደኛችን። እሺ፣ ትሁን። ግን ያን ቀን በአደባባይ ጉዱ የወጣው ማን ነው? ያበደችው እሷ ከሆነች መቀሱን ያነሣውን ሰው ምን እንበለው? ማንም አላስገደደውም እኮ። ከልካይ ሲጠፋ ሰው በሰው ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ በራስ እጅ ሲያደርጉት መገኘት ግን ሌላ ነው። እኔ «ጥበብ ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ጭቅጭቅ እዚህ ጋ ትርጉም ያጣብኛል። ስሙን የፈለግነውን ብንለው ሥራው ሥራውን ሠርቷል።

ለእኛ ምናችን ነው?

በሁለተኛው ክርክር ላይ ከተቃዋሚዎቹም ከደጋፊዎቹም አልስማማም። ተቃዋሚዎቹ የፈረንጅ ነው ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ቶሎ ብለው «ኧረ እኛም ጋ ድሮም ነበረ! ለቅሷችን ፐርፎርማንስ ነው፣ ሠርጋችን ፐርፎርማንስ ነው፣ ደቦአችንም ፐርፎርማንስ ነው» ይላሉ። እንዲህ ከሆነማ በጠዋት ተነሥቶ ፊት መታጠብም ፐርፎርማንስ ሊሆን ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። ፍራንሲስ አሊስ የተባለ ቤልጅየማዊ እ.ኤ.አ. በ2002 የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ዳርቻ ላይ 500 በጎ ፈቃደኞችን አካፋ አስያዘና በአንድ መስመር አሰልፎ ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ አስገፋቸው። ኮረብታው ከቦታው ፈቀቅ ያለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ሲነገረን ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። «ጥር ላይ ቦረና ቢመጣ ተራራውን ሁሉ አካፋ ይዞ የወጣ ሕዝብ ያገኝ ነበር» ተባለ። እውነት ነው፤ እኛ አገር በጥርና በየካቲት ቀበሌው በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይክባል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ነገር ግን እርከን የሚሠራው አፈሩ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ እንዳይሄድ ነው። ጥቅም አለው፤ ክረምት ሲገባ ይፈተናል። የሊማው አሸዋ ግን ለምንም አይጠቅምም። የተገፋው ለጥያቄ ብቻ ነው፤ ጥያቄውም «ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ለፍቶ ይህችን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ምን ይባላል?» የሚል ነው። ከንቱ ነው? ወይስ ትልቅ ነው? እዚህ ጋ ነው የሣቄ ነገር ያቆመው። ምክንያቱም ይህ ጥያቄ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ገበሬ ሁሉ ማታ እግሩን ሲታጠብ በልቡ የሚጠይቀው ነው። በስብሰባ ላይ ግን ማንም አይጠይቀውም። እኛም በዜናችን «ይህን ያህል ሄክታር መሬት በተፋሰስ ሥራ ተሸፈነ» ብለን እናልፈዋለን።

እንግዲህ ልማድና ፐርፎርማንስ አርት የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልማድ ምን ማድረግ እንዳለብህ ይነግርሃል፤ ስታደርገውም ከሰው ጋር ያኖርሃል። ፐርፎርማንስ አርት ያንኑ የምታደርገውን ነገር ከቦታው አንሥቶ ፊትህ ያስቀምጥና «ለምን?» ይልሃል። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ለልማዱም ለጥበቡም ውርደት ነው።

ደግሞስ የፈረንጅ ብቻ ነው ያለው ማነው? ነፃ አርት ቪሌጅ የተባለው የሠዓሊያን ስብስብ በአዲስ አበባ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ለዓመታት የወጣት ሠዓሊዎች መናኸሪያ ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ሠዓሊና ገጣሚ ምሕረት ከበደ ናት። ሮቤል ተመስገን ደግሞ የደሴ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የተወለደው። «አድባር» ብሎ በጠራቸው ሥራዎቹ ዛፉን፣ ተራራውንና ውኃውን፣ እናቶቻችን ቅቤ የሚቀቡትንና ቡና የሚያፈሉለትን ነገር ወደ ሥዕልና ወደ ፐርፎርማንስ አምጥቷል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚገርመው ደግሞ ይኸው ሰው በእጁ እየጻፈና እየሳለ ጋዜጣ መሥራቱ ነው። ማተሚያ ቤት በሰዓት ሺህ የሚያወጣውን ጋዜጣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በብሩሽ ሲሠራው፣ «ዜና» የምንለው ነገር ምን ያህል ቸኩለን የምንጥለው እንደሆነ ይታያል።

ለቪዲዮ አርትም ቢሆን ሰው አልጠፋም። ኒውዮርክ የሚኖረው ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የሚል አኒሜሽን ሠርቷል። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን አስተካክላ ስለከፈለች ዛሬም መኪና ሲመጣ ከመንገድ ንቅንቅ አትልም። ፍየል ሳትከፍል ስለወረደች መኪና ስታይ ትሮጣለች። ውሻ መልሱን ስላልተቀበለ መኪና ባየ ቁጥር እየጮኸ ያሳድዳል። ዕዝራ ይህን የሠራው ሸራ ላይ እየሳለ፣ ፎቶ እያነሣ፣ በሣለው ላይ መልሶ እየሣለ ነው። የታክሲ ቀልድ እንዲህ ሲሠራ አየሁና «ይሄማ የኛ ነው» አልኩ። እሱው እ.ኤ.አ. በ2015 የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን ጀምሮ ሥራዎችን አዳራሽ ውስጥ ብቻ ሳይሆን መንገደኛ በሚያልፍበት ቦታም እንዲታዩ አድርጓል።

ለጋዜጠኛ ምን ይጠቅመዋል?

ዋናው ክርክር ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ የማየውም እሱን ነው።

የአክሱም ሐውልትን እናስታውስ። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 ቆሞ ተመረቀ። ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ ነው። ይኸው፤ ዜና ጻፍኩላችሁ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ሁሉም ገብቷል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቴዎ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን የተወለደ ቪዲዮ ሠሪ ነው፤ ሁላችንም በመጻሕፍቱ የምናውቀው የታሪክ ጸሐፊ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ነው። እሱም ይህንኑ የሐውልቱን መመለስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሠርቶታል፤ ግን በ15 ስክሪን ነው። ስክሪኖቹ የተደረደሩት በየሱቁ ተሰቅሎ እንደምናየው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው፤ ታሪኩ በትናንሽ ሣጥን ሣጥን ተከፋፍሎ ጎን ለጎን እንደሚሄደው ማለት ነው። ዓይንህ አንዱን ሲያይ ሌላው ያመልጥሃል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ይሆንብሃል። ዜና ሲሠራ ግን የሚመርጥልህ ኤዲተሩ ነው፤ አንተ እንደተመረጠልህ እንኳ አታውቅም። ይህን አንድ ነገር በደንብ ለገባው የጋዜጠኝነት ተማሪ ሁለት ሳምንት ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ካሜራ የሚባለው ዕቃ ነው። ይህን ለማስረዳት ባለፈው ክረምት መካነ ሰላም አቅራቢያ ባለው ቀበሌያችን የሆነውን ልንገራችሁ። ከጎረቤታችን ሁለት ሴት ልጆች ዓረብ አገር ለሥራ ሄደው ነበር። የአንደኛዋ ሞት ተሰማ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የአካባቢያችን ልጅ ሁሉ ያውቃል። በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ አይነግርም። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ሼሁ፣ የቅርብ ዘመዱ ተሰብስበው ገና ጎሕ ሲቀድ ይሄዳሉ። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዚያ ጉም ውስጥ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት እናትየው ታውቃለች። ዜናውን የነገራት አቋቋማቸው ነው። ቀጥሎ ያለው ቃል ማረጋገጫ ብቻ ነው።

በዚህኛው ግን ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ማታውኑ የልጅቷ ፎቶ «ነፍስ ይማር» ተብሎ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። ያየው ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድሟ ነው። ልጁ ስልኩን አጥፍቶ፣ ለእናቱ ምንም ሳይል፣ እራቱን ከእሷ ጋር በልቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ተኝቶ አደረ። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ስሙንም ፎቶውንም አላሳሳተም። የተናገረው በሙሉ እውነት ነው። ያላሰበው አንድ ነገር ቢኖር ይህን የሚያየው ማን ነው የሚለውን ነው።

በለቅሶው ላይ አስከሬን አልነበረም፤ ነጠላዋና ፎቶዋ ነበር የወጣው። ሁለተኛዋ እህት እዚያው ዓረብ አገር ስለነበረች አጎቷ ለእሷ እንዲላክላት በስልክ ይቀርጽ ነበር። እናትየው ሙሾ እያወረደች ወደ ስልኩ ዞረችና «ልጄ ታዪኛለሽ?» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያ ስልክ መቅረጫ ብቻ አልነበረም፤ ልጅቷ የገባችበት በር ሆነ። ከወዲያ በኩል ደግሞ ሌላ ወጣት፣ ዘመድ ያልሆነ፣ እሱም ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ይሄን ለማን ነው የምታነሣው?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ስልኮቹ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የቀረጹትም ያንኑ ለቅሶ ነው። ልዩነቱ የሽማግሌው ጥያቄ ላይ ነው፤ ለማን? እኛ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች በቃላችን ሸምድደናል። «ለማን» የሚለው ግን ከስድስቱ ውስጥ የለም። እኔ ይህን ጥያቄ በትምህርት መልክ ያገኘሁት ፊርማ በሚሰበሰብበት በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው። አብራሞቪች ቆማ ያሳየችው ተመልካች ንጹሕ እንዳልሆነ ነው። ቴዎ እሸቱ ያሳየው የሚያይ ሰው የሚመርጥ ሰው መሆኑን ነው። ሽማግሌው ሁለቱንም ሳያውቁ እዚያው ደርሰዋል፤ እኛ ግን እንደ እሳቸው ሰባ ዓመት ኖረን ሳይሆን በሃያ ሁለት ዓመታችን ካሜራ ተሸክመን ሰው ለቅሶ ላይ ልንላክ ነው። ታዲያ የት እንማረው?

የጓደኞቼ ሐቅ

ይህን ስል ተቃዋሚዎቹ ሐቅ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ካሜራ አንሸዋርሮ ግድግዳ ሲቀርጽ ውሎ «ቪዲዮ አርት ነው» የሚል ሞልቷል፤ ያልገባን እየመሰለን በፍርሃት የምናጨበጭብበትም ጊዜ አለ። መካነ ሰላም ውስጥ የሥዕል ጋለሪ የለም። የተማርናቸውን ሥራዎች ያየነው በፕሮጀክተር፣ ያውም መብራት በጠፋ ቁጥር እየተቋረጠ ነው፤ ፐርፎርማንስን በቪዲዮ ማየት ደግሞ የሠርግን ምግብ በፎቶ እንደ መብላት ነው። የዜና ልምምድ እጥረት አለብን የሚለውም እውነት ነው፤ ካሜራ ለመንካት ስንት ቀን ወረፋ እንደምንጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ ሁሉ ግን ትምህርቱ ይሻሻል የሚያሰኙ ናቸው እንጂ ይውጣ የሚያሰኙ አይደሉም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይታሰብበት እላለሁ።

አንደኛ፣ ምዕራፉ ይቆይ፤ ልምምድ ግን ይጨመርበት። እያንዳንዱ ተማሪ ስልኩን አንድ ቦታ ላይ ተክሎ፣ ገበያም ይሁን መናኸሪያ ወይም የወፍጮ ቤት ደጃፍ፣ አሥር ደቂቃ ሳይቆርጥና ድምፅ ሳይጨምር ይቅረጽ። እዚያው ስላየው ነገር ደግሞ 150 ቃል ዜና ይጻፍ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ዜናው ምን እንደጣለ እንነጋገር። ለዚህ ካሜራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የዜና ልምምድ ለሚሉትም መልስ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለቅሶ፣ ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ለመቅረጽ የሚወጣ ተማሪ አስቀድሞ «ለማን ነው የምቀርጸው?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መልስ ከሌለው አይውጣ።

ሦስተኛ፣ በሴሚስተር አንድ ምሽት ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረን የሠራነውን እናሳይ፤ የከተማውንም ሰው እንጥራ። ተሣቀብንም ተወቀስንም ከዚያ የምናገኘው አስተያየት ከማርክ ይበልጣል።

ፊርማ የምታሰባስቡ ጓደኞቼ፣ ቅሬታችሁን አከብራለሁ። ግን ወረቀቱን ከማስገባታችሁ በፊት ከላይ የጻፍኩትን ያንን የሽማግሌ ጥያቄ የትኛው ኮርስ ውስጥ እንደምንማረው ንገሩኝ። ካገኛችሁልኝ እኔም እፈርማለሁ።

ቸር እንሰንብት።